ስድስት ከተማ በአንድ ትኬት

ሙሉእመቤት ተክለሃይማኖት አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም ነበር። ከካይሮ አቴንስ ስንት ማይል እንደሆነ፣ ከአቴንስ ቪየና በሳምንት ስንት ቀን በረራ እንዳለ፣ ፍራንክፈርት ያደረ መንገደኛ በማግስቱ በስንት ሰዓት ወደ ሮም እንደሚሳፈር ግን መጽሐፍ ሳትገልጥ ትነግራችኋለች። እኔ ከእሷ ጎን ባለው ጠረጴዛ የጽሕፈት መኪና እየመታሁ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። ስለዚህ የማወራችሁ አብዛኛውን በዓይኔ ያየሁትን፣ ቀሪውን ከራሷ አፍ የሰማሁትን ነው።

ሁለታችንም የጉለሌ ሰዎች ነን። እሷ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ ብርቅነሽ ጋር ትኖራለች፤ እኔ ወደ ዊንጌት ነኝ። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ቀድማኝ ከገባች ቦርሳዋን አጠገቧ አስቀምጣ ቦታ ትይዝልኛለች። አባቷ እሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረሰች ዓመት ሞቱ፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱ በእሷ ትከሻ ላይ ነው የቆመው። በስምንት ዓመት የምታንሳት አንዲት እህት ነበረቻት፤ ጽጌረዳ።

ቢሮአችን ፒያሳ ያለ የጉዞ ወኪል ነበር። መንግሥት ከመውረሱ በፊት ባለቤቱ ሙሴ ያኒ የሚባል ሽማግሌ ግሪክ ነበር። ሙሉእመቤትን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ቀጥሮ ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው። ያስተማራት ነገር ደግሞ በከተማው ውስጥ ምናልባት አራት አምስት ሰው ብቻ የሚያውቀው ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ አንድ ከተማ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ለሚሄድ ሰው የዋጋው መጽሐፍ የተወሰነ ማይል ይፈቅድለታል፤ ቀጥታው መንገድ ከሚወስደው ትንሽ ይበልጣል። ያንን ማይል እስካላለፈ ድረስ በመንገዱ ላይ የፈለገው ከተማ ይወርዳል፣ አንድ ቀንም ሳምንትም ይቆያል፣ ከዚያ በያዘው ትኬት ይቀጥላል። ተጨማሪ የሚጠይቀው የለም።

"መንገደኛው ይህን አያውቅም" ይላት ነበር ሙሴ ያኒ። "ማይሉ የራሱ ነው፣ ግን ጥሎት ይሄዳል። ያንቺ ሥራ የሰውየውን ማይል ለሰውየው መስጠት ነው።"

እሷም ትሰጥ ነበር። ለንደን ለትምህርት የሚሄድ ልጅ በዚያው ትኬት ካይሮ ያለች አክስቱን እንዲያይ፣ መካ የሚሄዱ ሽማግሌ ሲመለሱ አስመራ ወርደው ልጃቸውን እንዲጠይቁ ታደርጋለች። ትኬት በእጅ በሚጻፍበት ዘመን ነው። ብዕሯን ጫን አድርጋ ስትጽፍ በቀዩ ካርቦን በኩል እስከ መጨረሻው ወረቀት ድረስ ጽሕፈቷ ይነበባል።

የጽጌረዳ ሕመም የልብ ነው። ሕፃን ሆና ጉሮሮዋንና መገጣጠሚያዋን አሞአት ነበር፤ ከዚያ ልቧ ላይ ቀረ። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ከበር እስከ ውሃ ቧንቧው ለመሄድ ሁለት ጊዜ ትቀመጣለች። ሐኪሙ "ቀዶ ጥገናው እዚህ አይሠራም" አለና ሮም አጠገብ ላለ የበጎ አድራጎት ሆስፒታል ጻፈላት። ከዚያ አልጋ እንደተገኘ፣ ሕክምናውም በነጻ እንደሆነ መልስ መጣ። ይህ በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ዘመድ ተረባርቦ የትኬቱ ነገር አለቀ። ሐኪሙ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀ፤ በአንድ ትንፋሽ ሮም ድረስ መብረር አትችልም፣ መሃል መሃል ላይ ማረፍ አለባት።

ሙሉእመቤት ያን ትኬት ስትጽፍ አጠገቧ ነበርኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ ትኩር ብላ አየች፣ መጽሐፉን ገለጠች፣ ደመረች። ካይሮ ሦስት ቀን። አቴንስ ሁለት ቀን፤ እዚያ አገሩ የገባው ሙሴ ያኒ ራሱ አውሮፕላን ጣቢያ ይቀበላታል። ከዚያ ሮም። ማይሉም በቃ፣ ዋጋውም አልጨመረም። ጽፋ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞር አለችና "እህቴ እንደ ሀብታም ልትጓዝ ነው" ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

የቀረው የመውጫ ቪዛ ነው። ለመውጫ ቪዛ ደግሞ የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

የቀበሌያቸው ሊቀመንበር ጉልላት ወልዱ ይባላል። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ ቀድሞ የመጋዘን ጸሐፊ ነበር። እዚያ ቤት ላይ ቂም የያዘው በስኳር ነው። ወሩን ሙሉ ስኳር ጠፍቶ በመጣ ቀን ወይዘሮ ብርቅነሽ በስብሰባ መሃል ተነሥተው "ጓድ ሊቀመንበር፣ ወረፋው ለእርስዎ ቤት አይሠራም ወይ? ባለቤትዎ ከኋላ በር ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ" አሉ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ጉልላት አብሮ ሳቀ። ግን አልረሳውም።

ሙሉእመቤት ደብዳቤውን ልትጠይቅ የሄደችው ሰኞ ቀን ነበር። "ሰኞ ተመለሺ" አላት። በሚቀጥለው ሰኞ ማኅተሙን የያዘው ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ስብሰባ ነው። መጋቢት ሲገባ ጽጌረዳን ደግፋ ይዛት ሄደች፤ ሰውየው በዓይኑ ካየ ልቡ ይራራል ብላ ነው።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እህቴ እቺ ናት" አለችው። "የሐኪሙ ደብዳቤ ይኸው። መቆም አትችልም።"

ጉልላት ከወረቀቱ ቀና አላለም። "ወንበር የለም" አለ።

"ወንበር አይደለም የለመንኩት። ፊርማ ነው።"

"ዘንድሮ ወጣቱ ሁሉ ልቡን ነው የሚያመው" አለ እየጻፈ። "ሮም ሲደርስ ይድናል፤ ከዳነ በኋላ ግን የሚመለስ የለም። ደግሞ እናትሽ ስብሰባ ላይ ደህና ይናገራሉ። እሳቸው ይምጡና ጉባኤው ፊት ያስረዱ።"

ወይዘሮ ብርቅነሽ ሄዱ። የተናገሩት ሐሰት ነው ብለው ሕዝብ ፊት ቃላቸውን አጠፉ፤ በዓይናቸው ያዩትን አላየሁም አሉ። ጉልላት "ጉባኤው አጥንቶ ይወስናል" አለ። ጉባኤው ሚያዝያ አልተሰበሰበም፤ ግንቦት ተሰብስቦ ሌላ ነገር ተነጋገረ። ሮም ያለው ሆስፒታል ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ አዛወረ። ሙሉእመቤት ትኬቱ ላይ ያለውን ቀን አራት ጊዜ ቀየረችው። በየጊዜው ካይሮ፣ አቴንስ፣ ሮም እያለች አዲሱን ቀን የምትለጥፍበትን ትንሽ ወረቀት ስታዘጋጅ እጇን አየው ነበር።

ጽጌረዳ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፣ የገብርኤል ዕለት ጠዋት ሞተች። ደብዳቤው ከተቀበረች በአሥራ አንደኛው ቀን ተፈርሞ መጣ። የቀበሌው ተላላኪ በሩ ላይ ቆሞ ለወይዘሮ ብርቅነሽ "እንኳን ደስ ያለዎት" ብሎ ሰጣቸው፤ ምስኪን፣ ማንም አልነገረውም። ሙሉእመቤት ትኬቱን ወደ ቢሮ አመጣችና በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ "ያልተጠቀመበት" ብላ ጻፈች። ጫን አድርጋ።

ልቅሶው ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ እኔ ምንም ሳልጠይቃት፣ "አንድ ቀን ይመጣል" አለችኝ።

"ማን?"

"ጉልላት። እንደሱ ያለ ሰው ያድጋል። የሚያድግ ሰው ደግሞ ውጭ አገር ይላካል። የሚላክ ሰው ትኬት ያስፈልገዋል።" እንጀራዋን ጠቀለለች። "እኔ ከዚህ ወንበር አልነሣም።"

አልተነሣችም። ሁለት ጊዜ ዕድገት መጣላት፣ አንዱ ትልቅ ቢሮ ከነጸሐፊው ነበር፤ "እዚሁ ይሻለኛል" ብላ መለሰች። አለቃችን የዋህነት መሰለው። እኔ ግን ጋዜጣ ስታነብ አያት ነበር፤ የሹመት ዜና ያለበትን ገጽ ታነብና ታጥፈዋለች። ጉልላት ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከዚያ ወደ አንድ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ተዛወረ። ከጉለሌ ወጥቶ ቦሌ በኩል ግቢ ያለው ቤት ተሰጠው። እሷ ሁሉንም ታውቃለች። የኮርፖሬሽኑ የጉዞ ደብዳቤዎች ወደ እኛ እንደሚመጡም ታውቃለች።

በ1978 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በሩን ከፍቶ ገባ። ሰማያዊ ኮት፣ ደረቱ ላይ የፓርቲው ምልክት፣ ትንሽ ቦርጭ። ስምንት ዓመት ያረጀው እሱ ሳይሆን ኮቱ ነው የሚመስለው፤ ፊቱ ያው ነው። ጉልላት መሆኑን ወዲያው አወቅኩ። ሙሉእመቤት ግን "ይቀመጡ ጓድ" አለችው፤ ወንበሩንም ራሷ ሳበችለት።

የያዘው ደብዳቤ አዲስ አበባ፣ ፕራግ፣ አዲስ አበባ ይላል። የአራት ቀን ስብሰባ ነው። ጉልላት አንብባ እስክትጨርስ ጠበቀና ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ።

"ፊትሽ አዲስ አይደለም። የት ነው የማውቅሽ?"

"የጉለሌ ልጅ ነኝ ጓድ።"

"አሃ! የእኔ ቀበሌ በይኛ!" ሳቀ። የማን ልጅ እንደሆነች አልጠየቀም። "እንግዲያው የአገሬ ልጅ ነሽ። ስሚ፣ ሰዎች ነግረውኛል፤ አንዲት ሴት አለች፣ በአንድ ትኬት አምስት ስድስት አገር ታሳያለች ብለውኛል። አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ስብሰባው አራት ቀን ነው። በመሄጃዬም በመመለሻዬም መሃል መሃል ላይ አረፍ ብል ደስ ይለኛል። ሰው ነኝ፣ ይደክመኛል።"

የጽሕፈት መኪናዬን መምታት እንዳቆምኩ ያወቅኩት ድምፁ ሲጠፋ ነው። ሙሉእመቤት ካርታው ላይ እንኳ አላየችም።

"ካይሮ ሦስት ቀን ያርፋሉ" አለችው። "አቴንስ ሁለት ቀን። ከዚያ ቪየና፣ ከቪየና ፕራግ። ሲመለሱ በፍራንክፈርት በኩል፤ እዚያ አራት ቀን ብቆይ ካሉ ይችላሉ። ሮም ሦስት ቀን። ከዚያ አገርዎ። ማይሉ አያልፍም፤ ዋጋውም ያው የፕራግ ዋጋ ነው።"

"ፍራንክፈርት!" አለ ጉልላት። ዓይኑ በራ። "እዚያ ዕቃ ርካሽ ነው ይላሉ።"

"ይላሉ ጓድ።"

"ኮርፖሬሽኑ ግን የጻፈው ፕራግ ብቻ ነው። ችግር አለው?"

"ትኬቱን ለመጻፍ ችግር የለውም። መንገደኛው ከደብዳቤው ሌላ መንገድ ሲፈልግ በራሱ እጅ ጽፎ እንዲፈርም መመሪያ አለ። ለፋይሉ ነው።"

ይህ እውነት ነው፤ መመሪያው ነበር። ማንም አይሠራበትም እንጂ ነበር። ነጭ ወረቀትና ብዕር ሰጠችው። ጉልላት እግሩን አነባብሮ፣ ደስ እያለው፣ ከተሞቹን አንድ በአንድ ጻፈ፤ በየከተማው የሚቆይበትን ቀን ጻፈ፤ ከታች "በግል ጥያቄዬ" ብሎ በትልቁ ፈረመ። ሲወጣ እጇን ጨበጣት። "የጉለሌ ልጅ እንዲህ ናት!" አለ። እሱ ከሄደ በኋላ ወደ ጓሮ ወጥታ እጇን ስትታጠብ አየኋት።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ቪዛዎቹን ጨርሶ ሄደ። የትኬቶች ቅጂ ወደየመሥሪያ ቤቱ የሚላከው ወር ሲያልቅ በጥቅል ነው፤ የሚያነበውም የለም። እኔም ነገሩ በዚሁ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። ከሄደ በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት ሙሉእመቤት በእጅ የተጻፈ ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

"ይህን ምቺልኝ።"

ለኮርፖሬሽኑ ኃላፊ፣ ግልባጭ ለፓርቲ ኮሚቴው፣ ይላል። ጓድ ጉልላት ወልዱ ከተፈቀደላቸው መንገድ ውጭ በግል ጥያቄያቸው በሚከተሉት ከተሞች ለመቆየት ስለጠየቁ፣ የጽሑፋቸውንና የትኬታቸውን ቅጂ በመመሪያው መሠረት ከዚህ ጋር አያይዘን እንልካለን። ሌላ ምንም የለበትም። አንዲት የሐሰት ቃል የለችበትም።

"ለምን ወሩ ሳያልቅ?" አልኳት።

"ዛሬ ፍራንክፈርት ነው።"

ገባኝ። በዚያ ዓመት ለስብሰባ ወጥተው በዚያው ስለቀሩ ባለሥልጣኖች በየቢሮው በሹክሹክታ ይወራ ነበር። ፍራንክፈርት የሚባለው ስም ብቻውን ሰው ያስጠረጥራል። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ማንም ሳይልከው ምዕራብ ጀርመን ቁጭ ያለ ካድሬ ምን ሊባል እንደሚችል ሕፃንም ያውቀዋል።

"ሙሉ" አልኳት፣ "ሰውየው ልጆች አሉት።"

"አውቃለሁ። ሦስት ናቸው።" ረቂቁን በጣቷ ወደ እኔ ገፋችው። "ካልመታሽልኝ በእጄ እጽፈዋለሁ። ጽሕፈቴ ጥሩ ነው።"

መታሁላት። ፖስታውን ራሷ ይዛ ሄደች፤ በምሳ ሰዓት፣ በእግሯ።

ጉልላት ከሮም ሲመለስ አውሮፕላን ጣቢያ ሁለት ሰዎች ጠበቁት። ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ቴፕ ሬኮርደር፣ ለልጆቹ ጫማ ይዞ ነበር አሉ። ፍራንክፈርት ማንን አገኘህ፣ ሮም ማን ገንዘብ ሰጠህ፣ ልትከዳ ፈልገህ ለምን ተመለስክ ተባለ። ዕቃ ልገዛ ነው ቢል ማን ይመነው፤ በገዛ እጁ ፈርሟል። ቤቱን ባንድ ሳምንት አስለቀቁት። ሚስቱና ልጆቹ ወደ ጉለሌ፣ ወደ ወላጆቿ ቤት ተመለሱ።

ሐምሌ ላይ ሚስቱ መጣች። ደሳለች ትባላለች፤ ጥቁር ነጠላ ተከናንባ፣ ዝናብ የበላው ጫማ አድርጋ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት እዚያ ነበረች። ሙሉእመቤት አይታታለች። ሌላውን ሁሉ አስተናግዳ ስትጨርስ "ምን ልርዳዎት?" አለቻት።

"የጓድ ጉልላት ባለቤት ነኝ። እህቴ፣ አንዲት ወረቀት ብቻ ነው የምለምንሽ። ቀጥታ በረራ ጠፍቶ መንገዱን ያዞረው ቢሮው ነው የሚል ብትጽፉልኝ ጉዳዩን የያዘው ሰው እለቀዋለሁ ብሎኛል። ስለ እመቤቴ ብለሽ።"

ሙሉእመቤት የብዕሯን ክዳን ገጠመች። "ሰኞ ይመለሱ" አለቻት።

ሰኞ መጣች። ሰኞ ይመለሱ ተባለች። በሦስተኛው ሰኞ ትንሿን ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ረጥባ መጣች። ሕፃኗ ትስላለች። ያን ጊዜ እኔ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ተነሥቼ ወንበሬን ሰጠኋት። ሙሉእመቤት በዓይኗ ገረመመችኝ። ወደ ደሳለች ዞረች።

"ወረቀቱን አልጽፍም። ቢሮው መንገድ አላዞረም፤ ባለቤትዎ ናቸው የጠየቁት። በ1970 ዓ.ም. ጽጌረዳ ተክለሃይማኖት የምትባል ልጅ ሮም ለሕክምና ልትሄድ ደብዳቤ ለምና ነበር። ስድስት ወር ሰኞ ተመለሺ ተባለች። ሞተች። እኔ እህቷ ነኝ።"

ደሳለች ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተናገረች። "የወይዘሮ ብርቅነሽ ልጅ። አስታውሳለሁ። ፈርምላት ብዬው ነበር፤ በእግዜር ስም ብዬዋለሁ። አልሰማኝም።"

"እኔም አልሰማሁሽም" አለቻት ሙሉእመቤት። በአንዴ ከአንቱታ ወደ አንቺ ወረደች። "ሂጂ።"

ያን ቀን ማታ አብሬያት አውቶቡስ አልተሳፈርኩም። ሳምንት ሙሉ አልተነጋገርንም።

ነገሩን ለወይዘሮ ብርቅነሽ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ልጅዎትን ይገሥጹልኝ ብዬ ነው መሰለኝ፤ ወይም ብቻዬን መሸከሙ ከብዶኝ። ሽማግሌዋ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። በማግስቱ በዘምቢል ዱቄትና ጥቂት ሽሮ ይዘው ወደ ደሳለች ወላጆች ቤት ሄዱ። ከዚያ በኋላ በየእሁዱ ከቅዳሴ ሲመለሱ በዚያ በኩል ያልፋሉ። የምትስለውን ሕፃን ጤና ጣቢያ የወሰዷትም እሳቸው ናቸው።

ሙሉእመቤት ስታውቅ ቤቱ ተናወጠ። "ልጅሽን የገደለ ሰው ቤት ዱቄት ትወስጃለሽ?" ብላ እንደጮኸች ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

ወይዘሮ ብርቅነሽ "የገደለው እሱ ነው" አሉ። "እኔ ዱቄቱን የምወስደው ለሚበሉት ነው። አንቺ የፈለግሽውን አድርገሻል፤ አልከለከልኩሽም። እኔንም አትከልክዪኝ።"

ጉልላት የተፈታው በአንድ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። አልተፈረደበትም፤ "ሂድ" ብለው ነው የለቀቁት፣ ሥራም ማዕረግም የለም። መጋቢት ላይ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ እኔና ሙሉእመቤት አዲሱ ገበያ ከአውቶቡስ ስንወርድ የበርበሬ መደብሮቹ ጋ ቆሞ አየነው። አላወቅኩትም። እሷ ግን ወዲያው ነው ያወቀችው። ጥርሱ ረግፏል፤ ኮቱ ሌላ ሰው የለበሰው ይመስላል። እየጠበቃት ነበር።

"ደሳለች ነግራኛለች" አለ። "በእስር ቤት ሆኜ ሰማሁት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው።"

"ጠይቅ።"

"የእህትሽን ፊት ላስታውስ ስንት ቀን ሞከርኩ። ደብዳቤውን አስታውሳለሁ፣ የሐኪሙን ማኅተም አስታውሳለሁ። ፊቷ አልመጣልኝም። ምን ትመስል ነበር?"

ሙሉእመቤት ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዘጠኝ ዓመት በላይ ያላየሁት እንባ ነው፤ ግን የኀዘን አልነበረም፣ የቁጣ ነው።

"አይመጣልህም" አለችው። "ቀና ብለህ አላየሃትማ። ፊትህ ቆማ ነበር፣ ግድግዳውን ይዛ፤ አንዴ ቀና ብትል ታያት ነበር። አሁን እኔ ልስልልህ ነው? አልነግርህም። ፊቷን እኔና እናቴ ነን የያዝነው፤ ላንተ አናካፍልም።"

"ይቅር በይኝ" አለ። በግልጽ፣ ሰው እየሰማ።

"አልልም።"

መንገዱን አቋርጣ ሄደች። ተከትያት ሮጥኩ። ሽቅቡን አብረን ወጣን። የቤታቸው በር ላይ ስንደርስ "ደስ ይለኛል ብዬ ነበር" አለችኝ። "ያን ቀን አውሮፕላን ጣቢያ ያዙት ሲባል ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽሽም። ሦስት ቀን በደንብ ተኛሁ። ዛሬ ሳየው ግን ያሰብኩትን ያህል አልሆነም።"

"ታዲያ ትጸጸቻለሽ?"

"የለም። ዛሬም ቢመጣ ያንኑ ትኬት እጽፍለታለሁ።" ትንሽ አሰበች። "ሚስቱን ግን ሦስት ሰኞ ማመላለስ አልነበረብኝም። እሱን እኔ አውቀዋለሁ።"

ወይዘሮ ብርቅነሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ፊታችንን አይተው አንድ ነገር እንዳለ ገባቸው።

"ጉልላት ተፈታ" አለቻቸው ሙሉእመቤት። "አሁን አየነው።"

"ከስቷል?"

"ከስቷል።"

"አሞታል እንዴ?"

"እኔ እንጃ እማዬ። ጥርሱ የለም።"

ሽማግሌዋ የያዙትን ጎመን ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። "እንግዲህ ልስልስ ያለ ነገር ነው የሚበላው" አሉ ለራሳቸው። "እሁድ አየዋለሁ።"

ሙሉእመቤት እናቷን አልፋ ወደ ውስጥ ልትገባ እግሯን አነሣች፣ ከዚያ ደፉ ላይ ቆመች።

"ሂጂ" አለች። "የኔን ስም ግን እዚያ ቤት እንዳታነሺ።"

ገብታ በሩን ዘጋች። ወይዘሮ ብርቅነሽ ቦታ ለቀቁልኝና ጎመኑን አብሬያቸው መቀንጠስ ጀመርኩ።